ከሐረግ እስከ እንቁጣጣሽ፦ ወፍና ቅጠል ያለበት ወረቀት

በወፍና በቅጠል ቅርጽ ወረቀት እየቆረጡና እየለጠፉ በእጅ የሚሠራ የመልካም ምኞት ካርድ ለብዙዎቻችን የፈረንጅ ጊዜ ማሳለፊያ ይመስለናል። እስቲ ቆዩ ወዳጆቼ፣ መጀመሪያ ወደ ውጫሌ ልውሰዳችሁ!

ውጫሌ ሲባል ሁላችንም አንቀጽ 17 ትዝ ይለናል (ታሪክ ክፍለ ጊዜ ላይ ያንቀላፋ እንኳ ይቺን አይረሳትም)። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ ነው። ተንኮሉ እንዴት እንደተገለጠ ግን ልብ ብላችኋል? በወዳጅነት ደብዳቤ! ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላ የምሥራቹን ለአውሮፓ ነገሥታት ጻፉ። ከእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የመጣው መልስ ግን ግንኙነቱ በጣልያን በኩል እንዲሆን የሚል ነበር። አማርኛው የፈቀደውን የጣልያንኛው ቅጂ ግዴታ አድርጎት ኖሯል። ጠቡ የተቋጨው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ነው። ሰላምታ የያዘ ወረቀት ቀላል ነገር አይደለም ማለት ነው።

ከውጫሌ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን ያገኛል። በ13ኛው ምዕተ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያ ነው። በስማቸው የሚጠራው አራቱ ወንጌል እ.ኤ.አ. በ1280/81 የተጻፈ ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን የገጹን ራስ በቀለም የሚያስጌጡበት ጥልፍልፍ «ሐረግ» ይባላል፤ ስሙ ራሱ ከሚጠመጠመው ተክል የመጣ ነው። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሎች ላይ ደግሞ ቅስቶቹን ወፎችና ዕፅዋት አጅበዋቸዋል። በካርቦን ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ምዕተ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የተገመተው። አገራችን የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው ግን በ1901 ዓ.ም. ነው። ፖስት ካርዱ ገና ትናንት መጣ፤ ወፉና ቅጠሉ ከሺህ ዓመት በፊት እዚሁ ነበሩ።

ብራናው ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ እኛ ሰፈር ምን አለ? ካላችሁኝ እንቁጣጣሽ አለላችሁ! ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ አበባ፣ ወፍና መልአክ በቀለም ሥለው ቤት ለቤት ያዞራሉ። አንዱን ሥዕል ለእማማ፣ ሌላውን ለጋሼ ይሰጡና ሳንቲምና ምርቃት ይቀበላሉ። ማንም «ካርድ» ብሎ አልሰየመውም እንጂ በእጅ የተሠራ የመልካም ምኞት ካርድ ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ነው?

ዛሬ አንድ ሥዕል በስልክ ለመቶ ሰው በአንዴ ይላካል። ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን መቶው ሰው የሚደርሰው ያው አንዱ ሥዕል ነው፤ ልጁ በር ላይ ይዞት የሚቆመው ወረቀት ግን ሁለተኛ የለውም። ልጆቹ የሚሥሉት የሚቀበላቸው ሰው ስላለ ነው። በሩን የሚከፍት ከጠፋ ወይም የታተመውን ከእጅ ሥራው የሚያስበልጥ ከበዛ፣ እርሳስና ቀለሙን የሚያነሳ ልጅ አይኖርም።

ስለዚህ ለመጪው መስከረም ወፍራም ወረቀት እጠፉ፣ ከባለቀለም ወረቀት አንድ ወፍና ሁለት ቅጠል በመቀስ ቁረጡ፣ ለጥፉና የአንድ ሰው ስም ጻፉበት። ሥዕል ይዞ በር ለሚያንኳኳው ልጅ ደግሞ ዝርዝር ብር አዘጋጁ፤ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሥዕሉን አይታችሁ አድንቁለት።