ተልባውን በልተን፣ ዘይቱን በጠርሙስ ገዝተን

በቆጂ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ሩጫ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ… ከአሰላ በስተደቡብ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ይህን ሁሉ ወርቅ ማምጣቷ እውነትም ጉድ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ ሩጫ አላወራም። ስለ ተልባ ነው። (አትሳቁ!)

ነገሩ የጀመረው በአንድ ወረቀት ነው። በቆጂ የሚያስተምር ጓደኛዬ ለማይሮጡ ተማሪዎች (አሉ እኮ፣ በቆጂም መሮጥ የማይወድ ልጅ አለ) የሁለት ሳምንት የሥዕል ሥልጠና ሊያዘጋጅ አሰበና ከአዲስ አበባ የሚገዛለትን ዕቃ ዘርዝሮ ላከልኝ። ልጆቹ 20 ናቸው። ብሩ ከመምህራን ኪስ የተዋጣ ነው። ዝርዝሩ ሸራ፣ ብሩሽ፣ የዘይት ቀለም፣ ተርፐንታይን ይልና መጨረሻ ላይ «ሊንሲድ ኦይል፣ 6 ጠርሙስ» ይላል። ሱቅ ሄጄ ጠየቅሁ። ጠርሙሷ የሽቶ ብልቃጥ ታክላለች፤ ዋጋዋ ግን የልጆቹን ወረቀትና እርሳስ ጠራርጎ ይበላል። ዞር አድርጌ ጀርባዋን ሳነብ ነው የነቃሁት። ሊንሲድ ማለት ተልባ ነው! እዚያው ሆኜ ደወልኩለት።

«ከትምህርት ቤታችሁ ጀርባ ያለው ማሳ ምን የተዘራበት ነው?»

«ገብስ… ስንዴ…» አለና ዝም አለ። ቀጥሎ ሳቁ መጣ። «አንቺ! ተልባ!»

አርሲና ባሌ ከአገራችን ዋና ዋና የተልባ አብቃይ ደጋዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው ጭላሎ የግብርና ልማት (ሰዉ «ካዱ» የሚለው) ስሙ በስንዴና በላም ቢነሳም፣ በዚያው ዘመን የተነሳው የቁሉምሳ የምርምር ጣቢያ ዛሬም በተልባ ላይ ይሠራል። ከተለቀቁት የተልባ ዝርያዎች መካከል «ጭላሎ»፣ «ቁሉምሳ-1»፣ «በቆጂ-14» የሚባሉ አሉ። አዎ፣ በከተማዋ ስም የተሰየመ ተልባ አለ። ከመስከረም ወዲያ ሲያብብ ማሳው ሰማያዊ ይሆናል። በኦሮምኛም ስሙ ያው ተልባ ነው፤ ገበያ ላይ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። የተልባ ዘይት ለሠዓሊ የሚጠቅመው ስለሚደርቅ ነው። ውኃ ሲደርቅ ተንኖ ነው የሚጠፋው፤ ተልባ ግን አይተንም። ከአየር ኦክስጅን እየሳበ ይያያዝና እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ እንዲያውም ክብደት ይጨምራል። የወይራ ዘይት ዓመት ብታስቀምጡት ይህን አያደርግም። የአውሮፓ ሠዓሊዎች በ15ኛው መቶ ዘመን በዚህ ጠባዩ ተጠቅመው ያንን የሚያበራ ሥዕል ሠሩ። ለረጅም ጊዜ «ፈልሳፊው ያን ቫን አይክ ነው» ሲባል ኖረ፤ ትክክል አይደለም። አፍጋኒስታን ባሚያን ዋሻ ውስጥ በ7ኛው መቶ ዘመን ገደማ በሚደርቅ ዘይት የተሣሉ ሥዕሎች መኖራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ተዘግቧል።

እኛስ? ተልባን ከጥንት ጀምሮ ዘርተናል። ግን የጥንት ሠዓሊዎቻችን ቀለሙን የሚያያይዙት ከቆዳ በሚወጣ ሙጫና በመሳሰለው ነበር። በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ የነበረው ፍሬ ጽዮን በጄሶ በተለበጠ እንጨት ላይ ሣለ። የኋለኞቹ የጥጥ ጨርቅ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ሣሉ። በሙጫ የተያያዘ ቀለም ደግሞ ጠላቱ ውኃ ነው፤ የስንቱ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጣሪያ ባፈሰሰ ቁጥር ታጥቦ እንደወረደ ያየ ያውቀዋል። ቬኒሳዊው ኒኮሎ ብራንካሌዮን ከ1480ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ወደ አርባ ዓመት ያህል እዚሁ አገር ሲሥል ኖሯል። የዘይት ሥዕል ከምትፈላበት ከተማ የመጣ ሰው! ሆኖም የዘይት ሥዕል በእሱ ሰበብ ልማድ አልሆነልንም። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፦ ሠዓሊው በጾም ቀን የተልባ ፍትፍቱን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሙጫውን ሊያፈላ ይሄዳል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ሙጫው ቶሎ ይደርቃል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ከአባት ከአያት የተማረውም እሱን ነው። ማን ይቀይራል?

(በነገራችን ላይ ሱፍም እንደዚያው ነው። ነጭ የዘይት ቀለም ብዙ ጊዜ የሚታሸው በሱፍ ዘይት ነው፤ ከተልባ ያነሰ ቢጫ ስለሚሆን። የጾም ገበታችን ግማሹ የሠዓሊ ዕቃ ኖሯል።)

ዘይቱ በብዛት የመጣልን ተዘጋጅቶ፣ ታሽጎ፣ ከባሕር ማዶ ነው። ጆን ራንድ የሚባል አሜሪካዊ ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1841 የቆርቆሮ ቲዩብ ከፈጠረ ወዲህ ቀለም ኪስ ውስጥ የሚገባ ሸቀጥ ሆነ። አገኘሁ እንግዳ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ተልኮ ተማረ። አፈወርቅ ተክሌ ለንደን፣ አለ ፈለገ ሰላም ቺካጎ፣ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ኮሎኝ። አለ ፈለገ ሰላም ተመልሶ የአዲስ አበባውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ሲመሠርት የቀለም ዕቃውም አብሮ የፈረንጅ ሆነ። ቃላቱን እንኳ ተመልከቱ። ጄሶ፣ ኮላ፣ አኳራጅ… ሁሉም ጣልያንኛ ናቸው።

ግን ሁሉም አንገቱን አልደፋም። እስክንድር ቦጎሲያን ፍየል ቆዳና የዛፍ ልጥ ላይ ሠርቷል፤ ኒው ዮርክ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ያለው የ1964ቱ (እ.ኤ.አ.) ሥራው የተሣለው በተቆራረጠና በተቀዳደደ ካርቶን ላይ ነው። ካርቶን! ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥር ደርድሮ ሣለበት። እነዚህ ሰዎች ሸራ መግዛት አቅቷቸው ነው ብዬ አላስብም። ዕቃው ራሱ እንዲናገር ስለፈለጉ ይመስለኛል።

ወደ በቆጂ ልመለስ። ጓደኛዬ ገበያ ወርዶ ተልባ ገዛ፤ ሻጯ አዛውንት «ሆድህን አሞህ ነው ልጄ?» ብለውታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። እኛ ተልባ የምናምሰው ለምግብ ነው፤ የታመሰ ተልባ ዘይቱ ይጠቁራል። ለሥዕል ጥሬው፣ ሳይሞቅ ነው የሚጨመቀው። ያገኘውን ልኮልኝ አንዱን ጠብታ መስታወት ላይ፣ የገዛሁትን አጠገቡ ቀባሁ። የሱቁ በ5ኛው ቀን ደረቀ። የበቆጂው በ9ኛው ቀን። ቢጫነቱ ይበዛል፣ ዝቃጭም አለው። የድሮ ሠዓሊዎች ይህን የሚያጠሩት በውኃ እያጠቡና ለሳምንታት ፀሐይ ላይ እያኖሩ ነው። በነሐሴ በቆጂ ፀሐይ ከየት ይመጣል?

ከስድስቱ ጠርሙስ አምስቱን ሰረዝኩ።

ቀጥሎ የተጣላነው በዘይት ቀለሙ ላይ ነው። እሱ «እውነተኛ ሥዕል በዘይት ነው» ባይ ነው። እኔ አክሪሊክ አልኩ። አክሪሊክ ለሠዓሊ ገበያ የወጣው በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው፤ በውኃ ይቀጥናል፣ ብሩሹም በውኃ ይታጠባል። 20 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ አኳራጅ ማሽተት ምን የሚሉት ትምህርት ነው? ዘይት የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲጣል ደግሞ በራሱ ሙቀት እሳት ሊያስነሳ ይችላል። በክረምት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ፣ ወፈር ያለ የዘይት ሥዕል አይደርቅም፤ ልጁ እርጥብ ሥዕል ተሸክሞ በዝናብ ወደ ቤቱ ሊሄድ ነው? እሱም ዝም አላለም። «እዚህ ሌሊቱ እንደሚበርድ ታውቂያለሽ?» አለኝ። እውነቱን ነው። አክሪሊክ ከ10 ዲግሪ ገደማ በታች በደንብ አይያያዝም፣ ከበረደ ደግሞ ይበላሻል። ስለዚህ ቀን ይሣላል፣ ማታ ዕቃው መጋዘን ሳይሆን እሳት የሚነድበት ቤት ያድራል።

ሸራውንም ተውነው። አቡጀዲ ከመርካቶ ገዛሁ፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ በኮላና በነጭ ቀለም ይለበጣል። የግንባታ ጄሶ ከኮላ ጋር ቀላቅዬ ልለብጥ ብዬ ሞከርኩ፣ ሳልጨርስ ባልዲው ውስጥ ድንጋይ ሆነብኝ። የጣልያን ሊቃውንት ጄሶውን ለወር ያህል ውኃ ውስጥ እያማሰሉ የሚያቆዩት ለካ ለዚህ ነው። ቀለም ደግሞ አምስት ብቻ፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ነጭ። ነጩ እጥፍ ይሁን፤ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው። ቡናማው ካነሰ የአርሲ አፈር ታጥቦ ተጣርቶ ይጨመርበታል። ጥንት ለቢጫና ለቀይ የሚውሉት አንዳንድ ማዕድኖች አርሴኒክና ሜርኩሪ ያለባቸው ነበሩ፤ እነሱን ለማንም ልጅ አልመኝም።

ለአራቱ ትልልቅ ልጆች ብቻ ትንሽ የዘይት ቀለም ላክሁ፣ ከአንዷ ጠርሙስ ጋር። የበቆጂው ተልባ ደግሞ በአንድ የማር ጠርሙስ ውስጥ የትምህርት ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጧል፣ ክዳኑ በስስ ጨርቅ ታስሮ፣ የጥቅምት ፀሐይ እስኪወጣ። ጓደኛዬ በየሳምንቱ ፎቶ ይልክልኛል። ባለፈው ሳምንት ከሥር ሁለት ጣት የሚያህል ዝቃጭ ወርዶ፣ ከላይ ያለው ቀጠን ያለ ጠጅ መስሎ ነበር። አንድ ልጅ «ይጠጣል?» ብሎ ጠይቆታል።