ከመስኮት እስከ ካሜራ፦ የጎረቤት ዓይን አጭር ታሪክ



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ለታሪክ ትምህርት ክፍል እንግዳ ሊመስል ይችላል። በቤት ደጃፍ ስለሚሰቀል የደኅንነት ካሜራ የሚናገረው ብዙውን ጊዜ መሐንዲሱ ወይም የሕግ ባለሙያው ነው። እኔ ግን ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ መተላለፊያ የሚነሣው ጠብ ካሜራ ከመፈልሰፉ ከሺህ ዓመት በፊት የተጀመረ ክርክር ቀጣይ ምዕራፍ ነው ብዬ አምናለሁ። ክርክሩም ይህ ነው፦ በገዛ ቤቴ ቆሜ የጎረቤቴን ቤት ማየት መብቴ ነው ወይስ በደል?

እ.ኤ.አ. በ200 ገደማ የተጠናቀረው የአይሁድ የሕግ ስብስብ፣ ሚሽና፣ በጋራ ግቢ የሚኖር ሰው በሩን ከጎረቤቱ በር ትይዩ፣ መስኮቱንም ከጎረቤቱ መስኮት ትይዩ እንዳይከፍት ይከለክላል። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ለዚህ በደል ስም አወጡለት፤ ወደ አማርኛ ብንመልሰው «የማየት ጉዳት» ይሆናል። በኦሪት ዘኍልቍ በለዓም የእስራኤልን ድንኳኖች ተመልክቶ ያደነቀው ደጆቻቸው ፊት ለፊት የማይተያዩ በመሆናቸው ነው ብለውም ተረጎሙ። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ የፈረሰ አጥር የለም፣ የተሰረቀ ከብት የለም። ጉዳቱ መታየቱ ራሱ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የፉስጣጡ ጉዳይ ነው። ፉስጣጥ ዐረቦች በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የቆረቆሯት፣ ዛሬ በካይሮ ውስጥ የተዋጠች ከተማ ናት። እንደሚተረከው፣ ኻሪጃ የተባለ ሰው በቤቱ ላይ ሰገነት ሠራ፤ ወሬውም መዲና ደረሰ። ኸሊፋው ዑመር ኢብን አል ኸጣብ ለግብፁ ገዢ ለዐምር ኢብን አል ዓስ ደብዳቤ ጻፉ። ታሪኩ በሁለት መልክ ተላልፏል። በአንደኛው ኸሊፋው «የጎረቤቶቹን ገመና ሊያይ ፈልጎ ነውና ይፍረስ» የሚል ይዘት ያለው ትእዛዝ ይሰጣሉ። የማሊኪ የሕግ ሊቃውንት በጠበቁት በሁለተኛው ግን ነገሩ የረቀቀ ነው። ከመስኮቱ ሥር አልጋ ይደረግ፤ ሰው ይቁምበት፤ ቆሞ የሚያይ ከሆነ መስኮቱ ይከልከል፤ የማያይ ከሆነ ይተው።

ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። እኔ ግን አልጋው ከብዙ የዘመናችን ደንብ የተሻለ የፍትሕ መሣሪያ ይመስለኛል። ኻሪጃ ክፉ ሐሳብ ይኑረው አይኑረው ማንም አይመረምርም። አይቶ ያውቅ እንደሆነም አይጠየቅም። የሚጠየቀው ተራ ሰው፣ በተራ የቤት ዕቃ ላይ ቆሞ፣ በተራ ዓይኑ ማየት ይችል እንደሆነ ብቻ ነው። የበደሉ መለኪያ የሰው ቁመት ነው። ዐሥራ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግም ወደ ጎረቤት በቀጥታ የሚያሳይ መስኮት ከወሰኑ 19 ዴሲሜትር፣ ማለት ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ እንዲርቅ አዘዘ። አልጋው ወደ ሜትር ተለወጠ እንጂ አስተሳሰቡ ያው ነው።

በአገራችንም የዚህ ጥንቃቄ አሻራ ብዙ ነው። በሐረር ጁገል የቆዩት ቤቶች ለጠባቡ መንገድ የሚያሳዩት ግንባቸውን ነው፤ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ውስጥ፣ ወደ ግቢው ነው። አጥሩ ብዙውን ጊዜ እሾህና ጭራሮ በሆነበት ገጠር ደግሞ ገመናን የሚጠብቀው ከግንቡ ይልቅ ድምፅ ነበረ። መጪው ከደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ የቤቱ ሰው ልብሱን ይሰበስባል፣ የተጣላውም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ «ግቡ» ይባላል። ይህን እንደ ተራ ሰላምታ ማየት ስሕተት ይመስለኛል። የሚያይ ሰው ማየት ከመጀመሩ በፊት ለሚታየው እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ያልተጻፈ ሕግ ነው።

የተጻፈው ሕጋችን በዚህ ረገድ ቁጥብ ነው። ረኔ ዳቪድ ያረቀቁትና በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 13 የሰው መኖሪያ እንዳይደፈር፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የሰው ፎቶግራፍ ያለፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ስለ ጎረቤት የሚናገረው አንቀጽ 1225 ጭስን፣ ጥላሸትን፣ መጥፎ ሽታን፣ ጩኸትንና ንዝረትን ይዘረዝራል። ዓይን በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ነገር ግን አንቀጹ ልኩን ለመልካም ጉርብትናና ለአካባቢው ልማድ ይተወዋል። ይህን ሐረግ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ካሜራው። የቤት ካሜራ ከስለላ ፍላጎት እንዳልተወለደ መናገር ፍትሐዊ ነው። በኒውዮርክ ክዊንስ ትኖር የነበረችው ነርስ ማሪ ቫን ብሪታን ብራውን፣ ከባለቤቷ ከአልበርት ጋር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ላመለከተችበት የቤት ደኅንነት መሣሪያ በ1969 የፈጠራ መብት አገኘች። ሁለቱም የሥራ ሰዓታቸው የተዘበራረቀ ነበር፤ በሰፈራቸው ወንጀል በዝቷል፤ ፖሊስ ሲጠራ ይዘገያል። በበሩ ላይ በተለያየ ከፍታ በተበጁ ቀዳዳዎች የሚያይ ካሜራ ምስሉን ውስጥ ወዳለ የቴሌቪዥን መስኮት ይልካል። ብቻዋን በር ለመክፈት የምትፈራ ሴት ፈጠራ ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ካሜራ የሚሰቅሉትን በጅምላ የሚወቅስ ሰው ይህን ፍርሃት ቢያስታውስ ጥሩ ነው።

ነገሩ ጠባዩን የለወጠው ተመልካቹ ከካሜራው ጀርባ ሲነሣ ነው። ለዚህ ከቼክ ሪፐብሊክ የመጣ አንድ ጉዳይ ጥሩ ምስክር ነው። የአንድ ቤተሰብ መስኮት በተደጋጋሚ ይሰበራል። አባወራው እ.ኤ.አ. በ2007 ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ካሜራ ይሰቅላል። ካሜራው የራሱን ደጅ፣ የሕዝቡን የእግር መንገድና የፊት ለፊቱን ቤት መግቢያ ይቀርፃል። በጥቅምት አንድ ሌሊት መስኮቱ በወንጭፍ ተመታ፤ በቅጂው ሁለት ተጠርጣሪዎች ተለዩ። ከተጠርጣሪዎቹ አንዱ ግን «ቀረፃው ራሱ ሕጋዊ ነውን?» ብሎ ጠየቀ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2014 ሲወስን፣ የሕዝብ መንገድን የሚያካትት ቀረፃ «የቤት ውስጥ ጉዳይ» ተብሎ ከመረጃ ጥበቃ ሕግ ሊያመልጥ አይችልም አለ፤ የባለቤቱ ንብረቱንና ቤተሰቡን የመጠበቅ ጥቅምም በሚዛኑ ሊገባ እንደሚችል ጨመረበት።

ከፍርዱ ይልቅ እኔን የያዘኝ በመዝገቡ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ነጥብ ነው። በዚያ ቤት ከካሜራው ጋር የተያያዘ መመልከቻ አልነበረም። ምስሉ ወደ ዲስክ ይገባል፤ ዲስኩ ሲሞላ በአሮጌው ላይ አዲሱ ይጻፋል። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ጎረቤቱን ሊመለከት አይችልም ነበር። የፉስጣጥን አልጋ አምጥተን ብንለካው ውጤቱ «ማንም አያይም» ይሆናል። የሺህ ዓመቱ መለኪያ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ዓይንና ትዝታ ተለያዩ። የመስኮት ጎረቤት ያየውን ይረሳል፣ ያዛባል፣ ያፍራል፤ ዲስኩ ከእነዚህ አንዱንም አያደርግም። ስለዚህ «ማየት ይችላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ «የታየው በማን እጅ ነው? እስከ መቼስ?» በሚለው መተካት አለበት።

በጥቅምት 2021 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ የታየው ክርክር ሌላ ነገር ጨመረ። መኪናውን ሌቦች ሊወስዱበት የሞከሩ ሰው በቤቱ ዙሪያ ካሜራዎችንና ካሜራ ያለው የደጅ ደወል ይተክላል፤ ጎረቤቱ ትከሳለች። ዳኛዋ በደወሉ ዓይን ሥር አልፎ አልፎ መታየቷን እንደ ከባድ ነገር አልቆጠሩትም። ያሳሰባቸው ድምፁ ነው፤ መሣሪያዎቹ ሰው ከሚገምተው ርቀት በላይ ንግግር ይይዙ ነበርና። «ግድግዳ ጆሮ አለው» የምንለው ከምሳሌነት አለፈ ማለት ነው። ሴቲቱ በመረጃ ጥበቃና በትንኮሳ ረገድ ረታች፤ «ጉርብትናን ማወክ» በሚለው ጥንታዊ ክስ ግን አልተሳካላትም፤ በጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ማየትን እንደዚህ ያለ በደል አያደርገውም ነበርና። ይህም ብዙ አልቆየም። በየካቲት 2023 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ከለንደኑ ቴት ሞደርን ሙዚየም ሰገነት ሆነው ጎብኚዎች የሚያዩአቸው የመስታወት ቤቶች ነዋሪዎች ባቀረቡት አቤቱታ፣ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ማየትም ጉርብትናን ሊያውክ ይችላል ሲል ወሰነ።

ወደ እኛ ልመለስ። ለአዲስ አበቤ ይህ ጉዳይ ለኦክስፎርዱ ሰው የሌለው ሌላ ትዝታ አለው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለት ቀበሌዎች፣ ሲቋቋሙ ጎረቤት በመንግሥት መዋቅር ውስጥ ገባ። በቀይ ሽብር ዓመታት «ማን ገባ? ማን ወጣ? ማንስ አደረ?» የሚለው ጥያቄ ነፍስ ያስከፍል ነበር። ያን ጊዜ ያንን መረጃ ለመያዝ የሰው ዓይንና የሰው ምላስ ያስፈልግ ነበር፤ ምላስ ደግሞ አንዳንዴ ራርቶ ዝም ይላል፤ በዝምታው የተረፉም አሉ። ዛሬ በመተላለፊያው ጫፍ የተሰቀለ አንድ ካሜራ የፊት ለፊቷ ልጅ ስንት ሰዓት እንደገባች፣ የቤት ሠራተኛዋ ከማን ጋር እንደቆመች፣ ለጎረቤት ማን በስንት ቀኑ እንግዳ እንደመጣ ያለ ምንም ክፋት ይመዘግባል። መዝገቡ ነገ በማን እጅ እንደሚወድቅ የሰቀለው ሰውም አያውቅም።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ም አለ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። የሦስተኛ ፎቅ ጠብ ግን ፍርድ ቤት ሳይደርስ የሚያልቅበት ቦታ ሌላ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 መተላለፊያውንና ደረጃውን የጋራ ያደርጋቸዋል፤ የቤት ባለቤቶችንም በማኅበር ያደራጃል። ማኅበሩም መተዳደሪያ ደንብ አለው። አንቀጽ 1225 የተወልን «መልካም ጉርብትና» እየተበጀ ያለው እዚያ ነው፤ ልማድ ገና እየረጋ ስለሆነም አሁን የሚጻፈው ቃል ይከብዳል። ደንቡ ካሜራው ወደ ማን በር እንዳይዞር፣ የድምፅ መቅጃው እንዲዘጋ፣ ምስሉ በስንት ቀን እንዲጠፋ፣ ሌብነት ሲደርስም ማን ፊት እንደሚከፈት በአራት መስመር ሊደነግግ ይችላል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ካሜራ የሚሰቅል ሰው ከመስቀሉ በፊት የጎረቤቱን በር አንኳኩቶ «ቤቶች!» ይበል።

በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ብዙዎቻችሁ በኮንዶሚኒየም ትኖራላችሁ፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉም አላችሁ። የእነዚህ ማኅበራት ቃለ ጉባኤዎች በየጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፤ አሁን ካልተሰበሰቡ ይጠፋሉ። እዚህ ላይ ላቁምና ጥያቄያችሁን ልቀበል።