«ኮምፒዩተር ውስጥ አለ»

የባቻችን ልጆች፣ የ1984ቱን የመመረቂያ ጽሑፍ መቼም አትረሱትም። እኛ ታሪክ ዲፓርትመንት የነበርን ጽሑፉን የምናስረክበው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሰበሰብነው ቃል ግን አማርኛ ነበር። በዚያ ዓመት በሴሚስተር እረፍት ወረኢሉ ሄጄ አሥራ አራት ሽማግሌዎችን አነጋገርኩ። በጉብዝናቸው ዘመን ሲራራ ነጋዴ የነበሩ፣ በቅሎና አህያ ጭነው አገር ያቋረጡ ናቸው። ቴፕ ሪኮርደር አልነበረኝም። ያሉትን እንዳሉት በሁለት ደብተር ጻፍኩ። ከዚያ ውስጥ መመረቂያ ጽሑፌ ላይ የገባው ሩቡ ቢሆን ነው።

እንግሊዝኛውን በገጽ የምትከፈል ታይፒስት መታችልኝ። «አማርኛውንስ?» ስላት ሳቀች። የሳቀችበት በኋላ ነው የገባኝ። ፊደላችን 33 በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፣ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ። ታይፕራይተር ላይ ይህ ሁሉ ቁልፍ ከየት ይመጣል? ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲነሡ የገጠማቸው ይኸው ነው። በአማርኛ መኪና ብዙ ፊደል በአንድ ምት አያልቅም፤ ገላው ይመታና እግሩ ወይም ቀለበቱ ለብቻው ይቀጠልለታል። ጽሑፉ ጎርበጥ የሚለው፣ ታይፒስቷም ሁለት ደብተር አማርኛ ስታይ የምትስቀው ለዚህ ነበር።

መምህር ሆኜ ኮምፒዩተር ሳገኝ ታዲያ እንዴት እንደተደሰትኩ! ዘመኑ የነፓወር ግዕዝ፣ የነቪዥዋል ግዕዝ፣ የነአጋፋሪ ነበር። እኔ የተጠቀምኩበትን ስሙን ልተወው። ማታ ማታ አራት ወር ሙሉ ደብተሮቹን ለቀምኳቸው፣ በፍሎፒም አስቀመጥኳቸው። ከዚያ ቤት ስንቀይር ባለቤቴ «እነዚህ አሮጌ ደብተሮች ይፈለጋሉ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ኮምፒዩተር ውስጥ አለ» አልኳት።

ያኔ ያልገባኝ ነገር ቢኖር ኮምፒዩተሩ አማርኛ አለማወቁ ነው። ፎንት ሠሪዎቹ የላቲን ፊደልና ምልክት በሚቀመጥበት ቦታ የእኛን ፊደል ሥለው ነበር የሚያስቀምጡት። ማሽኑ በልቡ የሚይዘው ያንኑ የላቲን ምልክት ነው፤ ዓይናችን ፊደል ያያል። ሁሉም ሠሪ የየራሱ አደራደር ስለነበረው የአንዱን ጽሑፍ በሌላው መክፈት አይሞከርም። ቦታውም 256 ብቻ ስለሆነ አንዳንዱ ትርፍ ፊደሉን በሁለተኛ ፎንት ያኖር ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ በ2007 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ወጣ። አገሩ ሁሉ ሲሻገር እኔ ያን አሮጌ ኮምፒዩተር ሙጥኝ አልኩ። ተማሪዎቼ በስልካቸው አማርኛ ይጻጻፋሉ፣ እኔ ገና በፍሎፒ! አዲሱን መልመድ ያስጠላኝ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሰላም ለማለት ኤስ፣ ኢ፣ ኤል እያሉ መጫኑ ነበር። ሀ ሁን የቄስ ትምህርት ቤት ለቆጠረ ሰው፣ በገዛ ፊደሉ ለመጻፍ በፈረንጅ ፊደል ማሰብ ምን የሚሉት ነው? አሁንም ቅር ይለኛል፣ ግን ለምጄዋለሁ።

አሮጌው ኮምፒዩተር ሲሞት ፋይሎቹን በአዲሱ ላፕቶፕ ከፈትኳቸው። አሥራ አራቱም ሽማግሌዎች የፐርሰንት ምልክትና ነጥብ የተጫነበት የላቲን ፊደል ሆነው ጠበቁኝ። ሁሉም በሕይወት የሉም። ደብተር የለም። ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም።

በመጨረሻ ያወጣኝ ድሮ ያስተማርኩት፣ ዛሬ ባልደረባዬ የሆነ ልጅ ነው። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ አንድ በአንድ ሠንጠረዥ አወጣን፤ እሱ የምትቀይር ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። «ጋሼ፣ አሁን ያንብቡልኝ» አለኝ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አንድ ሽማግሌ ስለ አሞሌ ጨው ዝናብ የነገሩኝ ነበር፤ አሞሌ እንደሚቀልጥ፣ የቀለጠ አሞሌ ደግሞ ገንዘብ አለመሆኑ። ድምፃቸው ጆሮዬ ላይ መጣ፣ ማንበብ አቃተኝ።

ሁሉም ግን አልተመለሰም። ከፋይሎቹ በአንዱ የሁለቱ ፎንቶች ልዩነት ጠፍቷል፤ ስለዚህ አንዱ ምልክት ማ ወይም ቋ ሊሆን ይችላል። አብዛኛውን ከዓረፍተ ነገሩ ለየሁት። ነጋዴዎቹ ከወረኢሉ ወጥተው የመጀመሪያዋን ሌሊት ያድሩበት የነበረው ቦታ ግን አልለይ ብሎኛል፤ ማሌ በር ነው ቋሌ በር? ስም ነውና ግምት አይቻልም።

ከዚያ በኩል የመጣችሁ፣ ወይም አባቶቻችሁ በዚያ መንገድ የነገዱ ካላችሁ፣ የመገናኘታችን ቀን በምሳ ሰዓት ፈልጉኝ። ገጹን አትሜ ይዤ እመጣለሁ።