ዜና ሐዲስ ዓለማየሁ፣ ከሽሬ እስከ ፖንዛ ግዞት

በ1902 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በጎጃም በደብረ ማርቆስ አውራጃ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ደብር ሐዲስ ዓለማየሁ ከካህን አባት ተወለዱ። በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክህነቱን ትምህርት ተከታተሉ፤ ኋላም አዲስ አበባ ወርደው የዘመኑን ትምህርት ቀሰሙ።

ከወረታ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው እንፍራዝ ሲደርስ የዐፄ ሠርፀ ድንግልን የጉዛራ ግንብ ያያል። የዚያ ዘመን ነገሥታት በሄዱበት ሁሉ ጸሐፊ ያስከትሉ ነበር፤ ጸሐፊውም ንጉሡ የወጋውን ይጽፋል፣ የማረከውን ይቆጥራል። ለተማረከው ወገን ግን ማን ይጽፍለታል? ኋላ የተማረኩት ሐዲስ ለራሳቸው ጸሐፊ ሆኑ፤ ይህም ዜና የሚጻፈው ስለዚያ ነው።

በ1928፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ኢጣሊያ መረብን ተሻግሮ መጣ። የጎጃም ገዥ ልዑል ራስ እምሩ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሽሬ ዘመቱ፤ ሐዲስም አብረው ዘመቱ። ታኅሣሥ 5 ቀን የራስ እምሩ ሰዎች ደንበጉና ላይ የጠላትን ታንኮች ከብበው ማረኩ። ታንክ አይቶ የማያውቅ ባላገር ብረቱ ላይ ዘሎ ወጥቶ የተዋጋበት ቀን ነው። ጠላትም ይህን በጠመንጃ አልመለሰውም። ብዙ ቀን ሳይቆይ በአውሮፕላን መጥቶ ተከዜ ዳር የመርዝ ጭስ ጣለ፤ የነካው ሰው ገላው ተላጠ፣ ዓይኑ ጠፋ። በየካቲት መጨረሻ ሽሬ ላይ በተደረገው ውጊያ ጦሩ ተፈታ።

በሚያዝያ የፋሽስት ፓርቲ ዋና ጸሐፊ ስታራቼ የሚመራው ጦር ከጎንደር ተነሥቶ ባሕር ዳርንና ደብረ ታቦርን ያዘ። ፎገራ በሦስቱ ከተሞች መካከል ያለ ሜዳ ነውና መውጫ አጣ።

ወእምዝ ራስ እምሩ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ሄዱ። እዚያም የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆችና ከውጭ አገር ተምረው የመጡ ወጣቶች ያቋቋሙት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ተቀላቀላቸው። ክረምቱን እንደምንም አለፉት፤ ስንቅም ጥይትም እያለቀ፣ ጠላትም ከኋላ እየተከተለ በታኅሣሥ 1929፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ ጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበቡ። በወሩ በ9ኛው ቀን ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ። ሐዲስም ከተማረኩት ጋር በመርከብ ተጭነው ወደ ኢጣሊያ ተላኩ።

እዚህ ላይ የራሴን ፍርድ ልናገር። ሐዲስ ከየካቲት 12 በፊት መማረካቸው፣ ከራስ ጋርም መማረካቸው ነፍሳቸውን ያተረፈ ይመስለኛል። በዚያ ቀን በጠላት እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በእጁ የገቡትን የሆለታና የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ጠላት ረሽኗቸዋል። ብዙ ሌሎች ደግሞ በሶማሊያ ባሕር ዳር ወዳለው ወደ ደናኔ እስር ቤት ተነዱ። ከዚያ በሕይወት የወጡት ሚካኤል ተሰማ ኋላ በሰጡት የምስክርነት ቃል 6,500 ከሚሆኑት እስረኞች 3,175 ሞቱ ብለዋል። ለማረፊያ የማይበቃ ድንኳን፣ የጨው ውሃ፣ የበሰበሰ ምግብ፣ ወባ ጨረሷቸው።

ፖንዛ ደናኔ አልነበረችም። ፖንዛ ሙሶሊኒ የገዛ አገሩን ተቃዋሚዎች ጭምር የሚያግዝባት ትንሽ ደሴት ነበረች። ሐዲስም በዚያች ደሴት፣ ኋላም በሊፓሪ ታገዙ። ባሕር በዙሪያው አጥር ሆኖ ሳለ፣ ሰው እንደ ልቡ እንዳይወጣና እንዳይገባ ዘበኛ ይጠብቀዋል። ከጊዜ ወደ ጊዜ የሚመጣ ወሬ ሁሉ የጠላት ድል ነው። እንዲህ ያለ እስራት ሰውነት ላይ ጠባሳ ስለማይተው ቀላል ይመስላል፤ ሰባት ዓመት ያህል ለቆየበት ሰው ግን ቀላል አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በሚያዝያ 1933 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። በሰኔ ማለቂያ፣ የርብና የጉማራ ወንዞች መሙላት ሲጀምሩ፣ የደብረ ታቦር የጠላት ጦር እጁን ሰጠ። ኅዳር 18 ቀን 1934 ጎንደር ተለቀቀች። የፎገራ ገበሬ ነፃ ሆኖ በሬውን ሲጠምድ፣ ለዚያ ነፃነት ሽሬ ድረስ የዘመቱት ሐዲስ ገና የኢጣሊያ እስረኛ ነበሩ።

በሐምሌ 1935፣ በዘመነ ሉቃስ፣ ሙሶሊኒ ከሥልጣኑ ተሽሮ ራሱ ወደ ፖንዛ ተጋዘ፤ ያረፈውም ቀድሞ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። የድሮ ጸሐፊ ቢሆን እዚህ ላይ ከመዝሙረ ዳዊት አንድ ቃል ይጠቅስ ነበር፤ እኔ ግን አልፈዋለሁ። የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ደቡብ ኢጣሊያ ሲገባ ሐዲስ ተፈቱ፤ ወደ አገራቸውም ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሹመት ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። በኢየሩሳሌም ቆንስል፣ በለንደን አምባሳደር፣ በአገር ውስጥም የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። በ1958፣ ዳግመኛ በዘመነ ማርቆስ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ታተመ፤ ሰውም ከሹመታቸው ይልቅ በዚህ መጽሐፍ አወቃቸው። የዘመቻውንና የግዞቱን ነገር «ትዝታ» በተባለው መጽሐፍ ጻፉት። እሱ የታተመው በ1985 ነው፤ ከጎጀቡ ምርኮ 56 ዓመት በኋላ። በ1996 ዐረፉ።