ባዶ ዛፍ ላይ የማይጮህ ውሻ፦ የራኩን አዳኝ ውሾች እርባታና ሥልጠና

በአሜሪካ ገጠሮች የበቆሎ እሸት ወተት መያዝ ሲጀምር አርሶ አደሩን የሚያሳስበው አንድ የሌሊት እንስሳ አለ፤ ራኩን ይባላል። በዓይኖቹ ዙሪያ ጥቁር ጭምብል የመሰለ ምልክት፣ በጅራቱ ላይ ደግሞ ቀለበት የሠሩ ጥቁር መስመሮች አሉት። አዋቂው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 9 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የፊት እግሮቹን እንደ እጅ እየተጠቀመ የበቆሎውን አገዳ ይጥላል፤ እሸቱን ይፈለቅቃል፤ ዶሮ ቤት ገብቶም ዶሮና እንቁላል ይበላል። ሲያሳድዱት ዛፍ ላይ ይወጣል። የራኩን አዳኝ ውሾች እርባታና ሥልጠና በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ባሕርዩ ላይ ነው።

ትክክለኛ ውሻ የሚባለው የትኛው ነው?

አደኑ የሚካሄደው በሌሊት ነው። ውሻው በጫካ ዳር ይለቀቃል፤ ዱካ ሲያገኝ ይጮሃል፤ እየጮኸም ይከተላል። ራኩኑ ዛፍ ላይ ሲወጣ ውሻው የፊት እግሮቹን ግንዱ ላይ አሳርፎ ባለቤቱ እስኪደርስ ድረስ ሳያቋርጥ ይጮሃል። በዱካ ላይ ሳለ የሚያሰማው ረጅምና የተሳበ ድምፅ ዛፉ ሥር ሲደርስ ወደ አጭርና ፈጣን ጩኸት ይለወጣል። ባለቤቱ በሩቅ ሆኖ ነገሩን የሚረዳው በዚህ የድምፅ ለውጥ ነው።

ባለቤቱ ወንዝና ገደል ተሻግሮ ሲደርስ ቅርንጫፎቹን በባትሪ ይፈትሻል። የራኩኑ ዓይኖች ካበሩ ውሻው እውነቱን ተናግሯል፤ ዛፉ ባዶ ከሆነ ግን ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። በእንግሊዝኛ ተሳስቶ የሚደክምን ሰው «በሌላ ዛፍ ላይ ይጮሃል» የሚሉት ከዚሁ አደን በመነጨ አነጋገር ነው።

ስሕተቱ የሚፈጠረው ውሻው ሽታ ስለማያውቅ አይደለም። ራኩን ብዙ ጊዜ ግንዱን ጥቂት ወጣ ብሎ ተመልሶ ይወርዳል፤ ወይም በቅርንጫፍ ወደ ጎረቤት ዛፍ ይሻገራል። ሽታው ግን በመጀመሪያው ግንድ ላይ ይቀራል። ችኩል ውሻ ግንዱን እንዳሸተተ መጮህ ይጀምራል። ትክክለኛው ውሻ ግን ዛፉን ይዞራል፤ ክቡን እያሰፋም ዱካው ከዛፉ ርቆ እንዳልሄደ ያረጋግጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ተመልሶ ይጮሃል።

ዘሮቹና አፍንጫቸው

ለዚህ ሥራ የታወቁት ዘሮች ስድስት ናቸው፤ ብላክ ኤንድ ታን፣ ብሉቲክ፣ ሬድቦን፣ ኢንግሊሽ፣ ፕሎት እና ትሪይንግ ዎከር። ፕሎት የተገኘው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከጀርመን ወደ ሰሜን ካሮላይና ከመጡ የከርከሮ አዳኝ ውሾች ሲሆን፣ ሌሎቹ በአብዛኛው ከእንግሊዝ የቀበሮ አዳኞች ይወለዳሉ። የፈረንሳይ ውሾችም ድርሻ አላቸው። ጆርጅ ዋሽንግተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1785 ከፈረንሳዊው ላፋዬት አዳኝ ውሾች ተልከውለት ነበር። ዩናይትድ ኬኔል ክለብ የተባለው መዝጋቢ ድርጅት ብላክ ኤንድ ታንን እ.ኤ.አ. በ1900፣ ትሪይንግ ዎከርን በ1945፣ ብሉቲክን ደግሞ በ1946 ራሳቸውን የቻሉ ዘሮች አድርጎ መዝግቧል።

አርቢዎች ውሾችን በአፍንጫቸው ይለያሉ። እንደ ብሉቲክ ያሉት ሰዓታት ያለፉትን የቀዘቀዘ ዱካ መከተል ቢችሉም ዝግ ይላሉ። እንደ ዎከር ያሉት ትኩስ ዱካ ላይ ፈጣን ናቸው። ፍጥነት ራኩኑን ቶሎ ዛፍ ላይ ያስወጣዋል፤ ሆኖም ፈጣን ውሻ ሳያጣራ የመጮህ ዝንባሌ ካለው ብዙ ባዶ ዛፎችን ያሳያል።

እርባታ፦ በመልክ ሳይሆን በሥራ

አፍንጫ፣ ድምፅና ዛፍ ሥር ጸንቶ የመቆም ፍላጎት በአብዛኛው የሚወረሱ ናቸው። በመሆኑም ጠንቃቃ አርቢ የፀጉር ቀለም ወይም የአንድ ሌሊት ጀብዱ አያታልለውም። ኮርማ በመልኩ ብቻ ሳይሆን በሴት ልጆቹ የወተት ምርት እንደሚመዘን ሁሉ፣ አባት ውሻም ቀደም ሲል በወለዳቸው ቡችሎች ሥራ ይመዘናል። የእናቲቱም መዝገብ በእኩል መጠን መታየት አለበት፤ ቡችላው ግማሽ ዘሩን የሚያገኘው ከእርሷ ነውና።

ሴቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድ በፈለገች ጊዜ ባትጠቃ ይመረጣል፤ ሰውነቷ እስኪጠናና የአደን ችሎታዋ እስኪታይ መጠበቅ ይገባል። እርግዝናው 63 ቀናት ያህል ይወስዳል። የቅርብ ዘመዳሞችን ማዳቀል የሚፈለገውን ጠባይ ቢያጸናም የተደበቀ ጉድለትንም አብሮ ያወጣል። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ያለበትን ውሻ ለዘር አለማዋል ከዚህ የተነሣ የተለመደ ምክር ነው።

ሥልጠና፦ ምስጋናው በቦታው ይሁን

የቡችላው ትምህርት በጫካ አይጀመርም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ስሙን፣ በማሰሪያ መሄድን፣ ሲጠሩት መምጣትንና የጥይት ድምፅን አለመፍራትን ይማራል። ቀጥሎ የራኩን ቆዳ መሬት ለመሬት ተጎትቶ ዛፍ ላይ ይሰቀልለታል፤ ዱካውን ተከትሎ ዛፉን ሲያገኝ ይመሰገናል። ይህ ልምምድ ከመጠን በላይ ከተደጋገመ ግን ጨዋታ ሆኖ ይቀራል።

ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ዕድሜ ቡችላው ትክክለኛነቱ ከተረጋገጠ አንጋፋ ውሻ ጋር ይወጣል። የአንጋፋው ምርጫ ወሳኝ ነው፤ ባዶ ዛፍ ላይ የሚጮህ መሪ ተከታዩንም ያበላሻል። አብሮ መውጣቱ ከረዘመ ደግሞ ወጣቱ ራሱ ሳያጣራ በሌላው ጩኸት ላይ መደረብን ይለምዳል። በመሆኑም መሠረቱን እንደያዘ ብቻውን መለቀቅ አለበት።

ዋናው ሕግ ለአሠልጣኙ የተሰጠ ነው፦ ራኩን ያልታየበት ዛፍ ሥር ውሻ አይመሰገንም። ዛፉ ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ ባለቤቱ ሳይቆጣና ሳያሞግስ ውሻውን አስሮ ይርቃል፤ ሌላ ቦታ ሄዶም ይለቀዋል። መምታት ውሻውን ዛፍ ያስፈራዋል፤ ባዶ ዛፍ ሥር ማሞገስ ደግሞ ሐሰትን ያስተምረዋል። አጋዘንና ጥንቸል ማሳደድ ሲጀምር ግን ወዲያውኑ መታረም አለበት።

መዝገብና ውድድር

ትውስታ ለባለቤቱ ያዳላል፤ መዝገብ ግን አያዳላም። ለምሳሌ አንድ ውሻ በ20 ዛፎች ሥር ጮሆ በ15ቱ ራኩን ከታየ፣ 3ቱ የተቦረቦሩ ሆነው ውስጣቸው ካልታየና 2ቱ ባዶ ከሆኑ፣ ሦስቱ ቁጥሮች ለየብቻ ይጻፋሉ። በበጋ ቅጠል ራኩኑን ስለሚሸፍነው ሚዛናዊ ፍርድ የሚገኘው ዛፎች ቅጠላቸውን በሚያራግፉበት ክረምታቸው ነው።

የሌሊት ውድድሮችም በዚሁ ስሌት ይመራሉ። በዩናይትድ ኬኔል ክለብ ደንብ እስከ አራት ውሾች አብረው ይለቀቃሉ። ዱካ በማግኘት ቀዳሚው 100፣ ዛፍ ላይ በመጮህ ቀዳሚው 125 ነጥብ ይመዘገብለታል። ራኩኑ ከታየ ነጥቡ ይጸድቃል፤ ዛፉ ባዶ መሆኑ ከታወቀ ያው ነጥብ ይቀነስበታል። ማየት ካልተቻለ ነጥቡ ይከበብና ለብቻው ይቆያል። ቀዳሚ ሆኖ የሚሳሳት ውሻ፣ ዘግይቶ ከሚሳሳተው የበለጠ ይቀጣል ማለት ነው።

ጤና

ራኩን በምሥራቅ አሜሪካ የእብድ ውሻ በሽታ ተሸካሚ በመሆኑ አዳኝ ውሻን ሳያስከትቡ መልቀቅ ለባለቤቱም አደጋ ነው። በኢትዮጵያ ይህን በሽታ ወደ ሰው በዋናነት የሚያስተላልፈው ውሻ ራሱ ስለሆነ፣ ክትባቱ በግቢ ለሚታሰረው ጠባቂ ውሻም እኩል ያስፈልጋል። በራኩን የተነከሰ ውሻ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ከኋላ እግሮቹ የሚጀምር ሽባነት ሊያጋጥመው ይችላል። አብዛኞቹ በሳምንታት ወይም በወራት እንክብካቤ ያገግማሉ፤ ስለዚህ ተስፋ ቆርጦ ውሻውን ማስወገድ አይገባም።

በአላባማ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1937 ትሩፕ የተባለ ውሻ በተቀበረበት ስፍራ ዛሬ ከመቶ በላይ ውሾች ያረፉበት መካነ መቃብር ይገኛል። በዚያ ለመቀበር የባለቤቱ ቃል ብቻ አይበቃም፤ ውሻው በእርግጥ የራኩን አዳኝ እንደነበረ የሚናገር ምስክር መቅረብ አለበት።