ሰዓትን የረታው፣ ወርቅ ያመለጠው ለሜቻ

የ110 ሜትር መሰናክል ሲነሳ የኢትዮጵያ ስም አብሮ አይነሳም። አሥሩም መሰናክሎች በ13 ሰከንድ ገደማ ታልፈው ያልቃሉ፤ አገሪቱ በዚህ ርቀት ያፈራችው የዓለም ሻምፒዮን የለም። የእኛ መሰናክል ረጅሙ፣ 3 ሺህ ሜትሩ ነው። 28 ጊዜ እንጨት፣ 7 ጊዜ ውሃ ይዘለላል። ከሲቀላ ወደ ሴቻ የሚያወጣውን ዳገት በሩጫ የሞከረ የአርባ ምንጭ ልጅ በየ80 ሜትሩ ገደማ አንድ ዝላይ ጨምሮ ያስበው። ደግሞም የአጭር ርቀቱ መሰናክል ሲነካ ይወድቃል፤ የረጅሙ ንቅንቅ አይልም። የሚወድቀው ሯጩ ነው።

በዚህ ውድድር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያመጣው እሸቱ ቱራ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ታንዛንያዊው ፊልበርት ባዪ ሩጫውን ገና በጠዋቱ አጦዘው፤ ፖላንዳዊው ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ በመጨረሻው ዙር ደርሶበት ወርቁን ነጠቀው። እሸቱ በ8 ደቂቃ ከ13.57 ሰከንድ ሦስተኛ ወጣ። በማግስቱ ምሩጽ ይፍጠር በ5 ሺህ ሜትር ሁለተኛ ወርቁን ሲያጠልቅ ማን ነሐስ ያወራል?

ወንዶቹ ቀጣዩን የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ለማየት 41 ዓመት ጠበቁ። ያመጣው ለሜቻ ግርማ ነው።

ለሜቻን ዓለም ያወቀው በመስከረም 2012 ዓ.ም. በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና ነው። ገና 18 ዓመቱ ነበር። ከኬንያዊው ኮንሴስለስ ኪፕሩቶ ጋር ደረት ለደረት ገብተው ኪፕሩቶ 8:01.35፣ ለሜቻ 8:01.36 ተመዘገበላቸው። የወርቅና የብር ልዩነት አንድ መቶኛ ሰከንድ! ከዚያ በኋላ የመንገዱ ዘበኛ ተለወጠ እንጂ ዕጣው አልተለወጠም፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በዩጂን፣ በቡዳፔስት ሦስቴም ሞሮኳዊው ሱፊያን ኤል ባካሊ ወርቁን፣ ለሜቻ ብሩን ወሰዱ።

ሰዓት ግን ሌላ ተፎካካሪ ነው። ሰኔ 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፓሪስ፣ ሻርሌቲ ስታዲየም፣ ለሜቻ 7 ደቂቃ ከ52.11 ሰከንድ ሮጠ። ትውልደ ኬንያዊው የኳታር ሯጭ ሳይፍ ሳኢድ ሻሂን በብራስልስ ያስመዘገበው 7:53.63 ለ19 ዓመት ገደማ ሳይደፈር ቆይቶ ነበር። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ሜዳ፣ ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን የለተሰንበት ግደይን የ5 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን ሰበረች። ኢትዮጵያ በአንድ ምሽት አንዱን አጥታ አንዱን አገኘች።

ከዓመት በኋላ እዚያው ፓሪስ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የኦሊምፒክ ፍጻሜ። በመጨረሻው ዙር፣ 200 ሜትር ገደማ ሲቀር፣ ለሜቻ እግሩ መሰናክሉን መትቶ ወደቀና ራሱን ሳተ፤ በቃሬዛ ወጣ። ወርቁ አሁንም የኤል ባካሊ ሆነ።

ለሜቻን በሜዳሊያ ብቻ የሚመዝነው ሰው ያጎድልበታል። ከእሱ በፊት በዚህ ርቀት ከ7:53 በታች የገባ ሰው አልነበረም።