የጎጃም ቤት የጭስ መውጫውን ሲያጣ

አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ፣ በመናገሻቸው በመንቆረር፣ በዛሬዋ ደብረ ማርቆስ፣ ዙሪያ የነበረው የገበሬ ቤት ክብ ጎጆ ነበር። መስኮትም የጭስ ማውጫም አልነበረውም። ጭሱ ግን መውጫ ነበረው፤ ወደ ጉልላቱ ወጥቶ ይጠራቀምና በሣሩ መሐል ቀስ እያለ ይሾልካል። በማለዳ ከሩቅ ለሚያይ ክዳኑ በሙሉ የሚጨስ ይመስላል። ጭሱ ሣሩን ያደርቀዋል፣ ወራጁን ከምስጥና ከነቀዝ ይጠብቀዋል።

ያ ቤት ጤናማ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ምጣዱን በጎመን ዘር አስሳ፣ አክንባሎውን ባነሳች ቁጥር እንፋሎቱንና ጭሱን በፊቷ የምትቀበል እናት፣ በጀርባዋም ያዘለችው ሕፃን፣ ዋጋውን ሲከፍሉ ኖረዋል።

ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ ወደ መሐል አገር መግባት ቀለለው። ቀድሞ የባለጸጋ ክዳን የነበረው ውሎ አድሮ ገጠሩን አዳረሰ። የግጦሽ መሬቱ ሲታረስ የክዳን ሣር ጠፋ፤ ባሕር ዛፉ ደግሞ ለአራት ማዕዘኑ ቤት ቋሚና ማገር ሆነ። ገበሬው ቆርቆሮን መምረጡ ትክክል ነው፤ እሳት አይበላውም፣ በየጊዜው ክደነኝ አይልም። ነገር ግን ቆርቆሮ ጭስ አያሾልክም። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የጮቄ ተራራ ብርድም ቅርብ ነው። ስለዚህ በግድግዳውና በክዳኑ መካከል የቀረችው ክፍተት በጭቃና በጭድ ትመረጋለች፤ አቅም ያለው ኮርኒስ ይመታል። ሌሊት የቀዘቀዘው ቆርቆሮ ጭሱን አብርዶ ወደ ታች ይመልሰዋል፣ እንፋሎቱንም ጠብታ አድርጎ በተኛው ሰው ላይ ያንጠባጥበዋል። ሐምሌና ነሐሴ በሩ ተዘግቶ እርጥብ እንጨት ሲነድ የሚሆነውን የጎጃም ሰው ያውቀዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገምታል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

በአገራችን የታሰበው መፍትሔ ምድጃው ላይ ያተኮረ ነበር። በ1980ዎቹ ዓ.ም. የመጣው ምርጥ ምድጃ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፤ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በምዕራብ ጎጃም ሜጫ የተካሄደ ጥናት ምድጃው የማድ ቤቱን ጭስ ቢቀንስም የሕፃናቱን የሳንባ ሕመም በጉልህ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። የተረፈው ጭስም ብዙ ነዋ! እኔ እንደማምነው፣ ምድጃው ላይ የደከምነውን ያህል በቤቱ ላይ አልደከምንም።

ሥራው ከባድ አይደለም። የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ መውጫው ከምድጃው በላይ፣ ከጣሪያው ሥር መሆን አለበት። መግቢያው ደግሞ በተቃራኒው ግድግዳ፣ ዝቅ ብሎ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሆኑ ንጹሑ አየር ገብቶ ወዲያው ይወጣል፤ ጭሱ ባለበት ይቀራል። ነፋስ በሚመታው ግድግዳ ላይ የተከፈተ መውጫ ደግሞ ጭሱን መልሶ ፊት ላይ ይደፋዋል።

በከተማው አዳዲስ ቤቶች የአየር ማውጫ ፋን መግባት ጀምሯል፤ ለኤሌክትሪክ ምጣድ እንፋሎት ጥሩ ነው። መግቢያ በሌለው ክፍል ውስጥ ግን ፋኑ የሚስበው አየር አያገኝም፤ አጠገቡ የጭስ ማውጫ ባለው ምድጃ ከሰል የሚነድ ከሆነ የከሰሉን መርዝ ከጭስ ማውጫው ወደ ቤት ሊመልሰው ይችላል። ያ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ስለዚህ ፋን ቢኖርም ከሰል መኝታ ቤት አይገባም። መብራት በጠፋ ቀንም ፋኑ ይቆማል፤ ቀዳዳው ግን ይሠራል።

ቀዳዳው የሚታሰበው ደግሞ ቆርቆሮው ከመመታቱ በፊት ነው። የተመታን ቆርቆሮ በኋላ መቅደድ ዝናብ ያስገባል፤ ባለቤቱም በመጀመሪያው ክረምት መልሶ ይደፍነዋል። አናጢው ገና ወራጁን ሲያቆም፣ ከማድ ቤቱ አናት ላይ ከፍ ያለ ትንሽ ክዳን ሠርቶ ጎኖቹን ክፍት ቢተዋቸው፣ ጭሱ ይወጣል፤ ዝናቡም አይገባም። ጥቂት እንጨት፣ የተራረፈ ቆርቆሮና የግማሽ ቀን ሥራ ይበቃዋል።